የኡዘይር ገበጣ

ከሊፋ ቡራዩ ውስጥ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይጠግናል። የሞተ ዕቃ መጣል አይሆንለትም፤ ሱቁ ገብቶ ለመቀመጥ መጀመሪያ አንድ ቴሌቪዥን ከወንበር ላይ ማንሳት ግድ ነው። ከሁሉም የሚሳሳለት ግን ሟቹ ታላቅ ወንድሙ ኡዘይር የተወለት፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ኡዘይር በሰው ኮምፒውተር በገዛ እጁ የሠራው የገበጣ ጨዋታ በካሴት ተቀድቶ ቀርቷል። የዚህኛው ሜሞሪ ጠባብ ስለሆነ ግን ጨዋታው አልነሳም ብሎ ዓመታት አለፉ።

ከሊፋ ሰፋ ያለ ሜሞሪ ቺፕ ከተበላሹ ኮምፒውተሮች እየነቀለ ይለቅም ጀመር። እግራቸው እንዳይጣመም በሲጋራ ብርማ ወረቀት ላይ እየሰካ በወተት ጣሳ ያኖራቸዋል። የመጨረሻውን ባገኘ ሳምንት የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ቡራዩ ደረሰ። ጎማ ሲነድ፣ ጥይት ሲጮህ ሱቁን ቆልፎ ወደ ቤቱ ሮጠ።

በማግስቱ ሲመለስ ጓጉንቸሩ ተሰብሯል፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። ጣሳውን ፈለገ፤ የለም። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ወንድሙ ዛሬ የሞተ ያህል አለቀሰ።

እንዲህ እንዳለ ኦቦ ቀጄላ መጡ። የገፈርሳ ገበሬ ናቸው፤ ሬዲዮ ሊያሠሩ በመጡ ቁጥር ከከሊፋ ጋር ሳይጨቃጨቁ አይሄዱም።

«ኮቱ፣ ና ተነስ» አሉት። «ጓጉንቸሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ። እሳቱ ወደዚህ ሲመጣ ቁልፍህን ከየት ላምጣ?»

ዕቃውን በሙሉ በአህያ ጋሪ ጭነው፣ ጭድ አልብሰው ቤታቸው አስገብተውት ነበር። የተሰነጠቀው ቴሌቪዥን እንኳ አልቀረም።

«ጣሳውስ?» አለ ከሊፋ ቀጄላ ቤት እንደደረሱ።

ሚስታቸው ሸዋነሽ ከቁም ሳጥን አወጡለት። «ጉንዳን መስሎኝ ልደፋው ነበር» አሉ።

ከሊፋ እዚያው ኮምፒውተሩን ፈትቶ ቺፖቹን ቀየረና ከቀጄላ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ምንም የለም። በጣቱ ሲዳብስ አንዱ ቺፕ ግሏል፤ በደስታ ተጣድፎ ገልብጦ ሰክቶታል፣ የተባረከ ባለሙያ! ደግነቱ አልተቃጠለም። አዙሮ ሰካውና ካሴቱን ከፈተ። ቆይቶ የገበጣው ጉድጓዶች ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ።

«አንቱ ይጀምሩ፣ ኦቦ።»

በገፈርሳ ቀጄላን በገበጣ የሚችል የለም። ዛሬ ግን ኮምፒውተሩ ጠጠራቸውን ለቅሞ ጨረሰው። ጭናቸውን መትተው ሳቁ።

«ወንድምህ አሸነፈኝ እኮ!»

ኡዘይር ከሞተ ወዲህ በሕይወት እንዳለ አድርጎ ያነሳው ሰው አልነበረም። ከሊፋ ስንት ነገር ሊል ፈልጎ «ገለቶማ» ብቻ ወጣው።

«ምስጋናህን ያዘው» አሉ ቀጄላ ወንበራቸውን እያስጠጉ። «እሱን ሳላሸንፍ ዕቃህን አላስወጣም።»