ኮፈን ሥር የተሰማ ኑዛዜ

ዜኖቪያ ኩዚክ የግራ እግሯን ሁለት ጣቶች ለብርድ የሰጠችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በየካቲት በረዶ የአባቷን ፒካፕ ይዛ ስትመለስ ሞተሩ መንገድ ላይ ጠፋ። ቁልፉን ስታዞረው ያጓራል፣ ያጓራል፣ አይነሳም። ባትሪው እስኪሞት ድረስ ታገለችውና አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በእግሯ ገባች። ታላቅ ወንድሟ ቦህዳን «ባትሪ ነው» ቢልም፣ አባትየው የቤንዚን ታንከሩን ባዶ ሆኖ አገኘው። ማን እንደቀዳው ሲጠይቅ ሁሉም «እኔ ምንም አላውቅም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ዜኖቪያ በካናዳ፣ በሳስካችዋን ሜዳ መሐል ባለችው መንደራቸው ጋራዥ ከፍታ አርባ ዓመት ሠራች። የማንንም መኪና ኮፈን ከመክፈቷ በፊት «ትናንት ምን አደረግከው?» ትላለች። «ምንም» ያለ ሰው ነገሩ ትዝ እስኪለው በር ላይ ባለው አግዳሚ ይቀመጣል። አንድ ገበሬ ምሳው እዚያው ድረስ መጥቶለት ያውቃል።

አንድ የፋሲካ ማለዳ አባ ማርኪያን የመንደሩን የበዓል ምግብ ቅርጫቶች ባርከው ሲጨርሱ መኪናቸው አልነሳ አለ። አርባ ኪሎ ሜትር ወዲያ ባለው ሌላው ደብራቸው ሕዝቡ ቅርጫቱን ይዞ ቆሟል። ጠበል ሳይረጭበት እንቁላሉንም ቋሊማውንም የሚነካ የለም።

«ባትሪ ነው» አለ ቦህዳን። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ሲቆረጥመውም ባትሪ ነው ይላል።

«ባትሪው ቢደክም እንዲህ ያጓራል? ይልቅ ቅርጫቴን ያዝልኝ» አለችው ዜኖቪያ። በበዓል ቀሚሷ እያነከሰች ሄዳ የጭስ ማውጫውን አሸተተች። «ቤንዚን ደርሶታል። የጠፋው እሳት ነው። አባ፣ ትናንት ምን አደረጉት?»

«ምንም» አሉ አባ ማርኪያን።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ጎረቤቷ ወይዘሮ ፓራስካ ቅርጫቷን ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አነሳችና «እዚህ ጋ ይቀመጡ፣ አባ» አለች።

«ልጆቼ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«እናውቃለን። ተርቧልም» አለች ዜኖቪያ።

አባ ልብሰ ተክህኗቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው በጣታቸው ጠሯት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠች፤ ሕዝቡም ለኑዛዜ እንደሚደረገው ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

«ለበዓሉ ንጹሕ ይሁን ብዬ ማታ አጠብኩት።»

«ከላይ ብቻ?»

«ኮፈኑንም ከፍቼ… በጎማ ቱቦ።»

«በሳሙና?»

«በደንብ አድርጌ።»

ዜኖቪያ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ኮፈኑን ከፍታ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ክዳን ፈታችው፤ ውስጡ እንደ ጠዋት ሣር ጤዛ ይዟል።

«ደረቅ ጨርቅ» አለች እጇን ዘርግታ። ዓይኗ የፓራስካን ቅርጫት በሸፈነው ጥልፍ ጨርቅ ላይ ነው።

«ዜኒያ፣ ይህን እናቴ ናት የጠለፈችው» አለች ፓራስካ ዜኖቪያን በቁልምጫ ጠርታ።

«እናትሽስ ሰው በፋሲካ ሲፆም ትወድ ነበር?»

ፓራስካ ፊቷን አዙራ ሰጠቻት። ጨርቁ ጤዛውን ጠርጎ ቀዩ የአውራ ዶሮ ጥልፉ ጠቁሮ ተመለሰ፤ መኪናው ግን ገና ቁልፉ ሲነካ ተነሳ። አባ መሪውን ሲይዙ ዜኖቪያ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ንስሐዎን ልንገርዎት። የፓራስካን ጨርቅ በእጅዎ ያጥባሉ። በዚያው ሳሙና።»

መኪናው ከዓይን ሲርቅ ቦህዳን ቅርጫቱን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ።

«ዜኒያ፣ ያኔ ቤንዚኑን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ለሞተር ብስክሌቴ። አባባን ፈርቼ ነው።»

ዜኖቪያ የግራ ጫማዋን አየት አደረገች።

«ጣቶቼን ይቅር ካልኩህ ቆየ። እኔን ያንገበገበኝ ‹ምንም› ያልከው ነው። በዕድሜዬ ስንት ሞተር አስነስቻለሁ፤ ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው ይህን ካንተ አፍ መስማት ነበር። በል፣ ቅርጫቱን ክፈተው፤ እርቦኛል።»