የተበሳ ቅጠል

ጋሽ ፍተሻ ይሏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ወጡ እንጂ ምርመራውስ አልለቀቃቸውም። ወተት ሲገዙ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው ያያሉ። ጎረቤት «እንደምን አደሩ?» ሲላቸው፣ ሰላምታውን ከመመለሳቸው በፊት ሰውዬው ምን ፈልጎ ይሆን ብለው ያስባሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማመን ነው የማይሆንላቸው።

ያለ ምርመራ የሚያልፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሚስታቸው። እሷም ባለፈው ዓመት ሞተች። የቀረቻቸው በመስኮቱ ሥር፣ በትልቅ ሸክላ ውስጥ የተከለቻት ጽጌረዳ ናት። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ አንድም አበባ ሳታወጣ ቆይታ፣ ዘንድሮ ጥቂት እንቡጦች ያዘች። ጋሽ ፍተሻ እንቡጦቹን ያዩ ዕለት ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና አለቀሱ፤ ያውም ማንም እንዳያያቸው መጋረጃውን ዘግተው። ይህች ተክል ሳታብብ ብትደርቅባቸው ሚስታቸውን ሁለተኛ የሚቀብሩ ነው የመሰላቸው።

አንድ ጠዋት ታዲያ ቅጠሎቹ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች አዩ። መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። በመርፌ ጫፍ የተወጋ ነው የሚመስለው። ስንቱን የተበሳ ቲኬት ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው፣ የተበሳ ነገር ሲያዩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ማን በሳው? ቲኬት ራሱን በራሱ አይበሳም፤ ቅጠልም እንደዚያው መሰላቸው።

መርፌ ያለው ሰው ደግሞ ሩቅ አልነበረም። የሚስታቸው ታናሽ እህት ልብስ ሰፊ ናት። እሁድ እሁድ እየመጣች ቤቱን ጠረግ ጠረግ ታደርግላቸዋለች፣ ሸሚዛቸውን ትተኩሳለች፣ ከዚያ ጽጌረዳዋን አንስታ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። ስትመለስ የቅጠሎቹ ጀርባ ውሃ ያንጠባጥባል። ይህን ጋሽ ፍተሻ ቀድሞም ልብ ብለውት ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ገጠመላቸው። ተክል የሚጠጣው በሥሩ አይደል እንዴ? ቅጠሉን ገልብጣ የምታርሰው ምን ብትፈልግ ነው? ደግሞስ እህቷ በሕይወት ሳለች «ይቺን ጽጌረዳ እንዴት እንደምወዳት!» ትል አልነበር?

በሚቀጥለው እሁድ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ቦርሳሽ ውስጥ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? መቀስ፣ ክር፣ መርፌ። ከሥራ መምጣቴ እኮ ነው።»

«መርፌ!» አሉ፣ እጅ ከፍንጅ እንደያዙ ሁሉ። «በይ፣ ለጊዜው አትምጪ። ስፈልግሽ እጠራሻለሁ።»

የሴትየዋ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ደረጃውን ወርዳ ሄደች። ጋሽ ፍተሻ እንባውንም አላመኑትም።

ጽጌረዳዋን ወደ መኝታ ቤት አስገብተው ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጧት። መስኮቱን ዘጉ፣ በሩን ቆለፉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ውሃ በሥሯ ብቻ፣ ያውም በልክ። «አሁን እንተያያለን» አሉ።

ተያዩም። ነጥቡ ከቀን ወደ ቀን ባሰበት። ቅጠሉ ገረጣ፣ ከዚያ ይረግፍ ጀመር። ቁልፉ ኪሳቸው ነው፣ የገባ ሰው የለም። ቁልፉን አስመስላ አስቀርጻ ይሆናል ብለው በበሩ ሥር ቀጭን ክር ወጠሩ። ክሩን የነካው የለም። አንድ ጠዋት ግን እሳቸው ያልወጠሩት ሌላ ክር አገኙ፤ ከአንዱ እንቡጥ እስከ ቅጠሉ የተዘረጋ፣ ከፀጉር የቀጠነ። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዘው ቅርንጫፉን መታ መታ አደረጉት። ወረቀቱ ላይ አቧራ ረገፈ። ትንሽ ቆይቶ አቧራው መራመድ ጀመረ።

ጋሽ ፍተሻ እስከ ጆሮአቸው ድረስ በኀፍረት ጋሉ። እጃቸው ወደ ስልኩ ሄዶ ሄዶ ይመለሳል። በመጨረሻ ጽጌረዳዋን በአንሶላ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄዱ።

«ውይ! ቀይ ሸረሪት የሚሉት ቅጠል መጣጭ ተባይ ወርሷታል» አለች አንሶላውን ገለጥ አድርጋ። «ሙቀትና ድርቀት ካገኘ እኮ አይቻልም። የት ነበር ያስቀመጧት?»

«ማሞቂያ ጎን» አሉ።

«እኔ እሁድ እሁድ የቅጠሉን ጀርባ የማጥበው ለዚህ ነበር። ጨርሶ ባይጠፋም ጋብ ይላል። እንቡጥ ስለያዘች መድኃኒት መርጨት ፈራሁ። እርስዎም እንዳይጨነቁ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

የባሱትን ቅጠሎች በመቀስ ቆርጣ ጣለች። እሳቸው እንቡጦቹን እንዳይርሱ በፌስታል ሸፍነው ያዙ፤ እሷ የቧንቧውን ውሃ ከታች ወደ ላይ እየለቀቀች ቅጠሉን አንድ በአንድ በጣቷ አሸች። በየጊዜው ደጋግሞ ካልታጠበ እንቁላሉ እየተፈለፈለ ይመለሳል አለቻቸው። እንቡጦቹ ይተርፉ እንደሆን ጠየቋት።

«አንዱ ይተርፍ ይሆናል» አለች። ልትሸነግላቸው አልፈለገችም።

ቀና ሲሉ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ መስኮቱ ላይ፣ ሌላ ጽጌረዳ አዩ። ያው ቀለም፣ ያው ዓይነት፣ በአበባ የተሞላች።

«ያቺስ?» የሚል አመለጣቸው። ጥርጣሬው እዚያ ድረስ ተከትሏቸው መጥቷል።

«ከእርስዎዋ ላይ የተቆረጠች ናት። እትዬ ናት የሰጠችኝ፣ ገና ሳትታመም።»

«ታዲያ እኔ ቤት የምትመጪው...»

ልብስ ሰፊዋ ውሃውን ዘጋች።

«ጋሼ፣ ለአበባው ብዬ የምመጣ መስሎዎት ነው? እትዬ ስትሞት አደራ ያለችኝ እርስዎን ነው።»

ጋሽ ፍተሻ ፌስታሉን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ።

«ይቅር በይኝ» አሉ። «እሁድ ትመጫለሽ?»

«እንጃ፣ ጋሼ። በጣም ነው የከፋኝ» አለችና ውሃውን መልሳ ከፈተች።