ስንጥቁ ቆሟል የተባለበት ሰኞ

ተማሪዎቹ «ግራ ቀኝ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያችኑ አንዲት ነገር ሲደጋግም ነው። «ስሎፑ ዜሮ ሆነ፣ መስመሩ ተኛ ብላችሁ ማክሲመም ነው፣ ጫፍ ነው እንዳትሉኝ! ነጥቡን ከግራም ከቀኝም እዩት። በግራው ወጥቶ በቀኙ ከወረደ ብቻ ነው ማክሲመም።» ይህን ሲል ሰሌዳውን በጠመኔ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ ከኋላ የሚቀመጡት ቀልደኞችም ዴስካቸውን ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ። አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ያልፋቸዋል።

የሒሳብ መምህር ነው። ሚስቱን ከጠየቃችሁ ደግሞ አመለኛ ነው፤ ስኳር ሻይ ውስጥ እስኪሟሟ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ሰዓት ይዞ ያያል። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ቃሉ መሬት ጠብ አይልም። እሱ ለካሁ ካለ ሌላ ሰው ደግሞ አይለካም። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ስንጥቁ የታየው ዝናቡ በገባ ሰሞን ነበር። በእሱ ክፍል ጥቁር ሰሌዳው የተሰቀለበትን ግድግዳ ከጣሪያው ጀምሮ ቁልቁል ሰንጥቆት ወረደ። ከግድግዳው ወዲያ አንደኛ ክፍሎች ይማራሉ፤ ግድግዳው ያዘመመውም ወደ እነሱ በኩል ነው። ዳይሬክተሯ የዚያኑ ዕለት ክፍላቸውን ቆልፋ ሕፃናቱን መስኮት ወደሌለው ዕቃ ቤት አዛወረቻቸው። ግንበኛው መጥቶ አየና «ዝናቡ ሳያባራ አልነካውም» ብሎ ሄደ።

መምህሩ መቼም ዝም ብሎ አያይም። ከብረታ ብረት ወርክሾፑ ካሊፐር የሚሉትን የብረት መለኪያ ተዋሰ። ሰኞ ሰኞ፣ ደወሉ ሳይደወል፣ ወንበር ላይ ወጥቶ የስንጥቁን ስፋት ይለካል፤ የለካውን ከሰሌዳው አጠገብ በለጠፈው ወረቀት ላይ በነጥብ ያስቀምጣል። ሁለት ሚሊሜትር፣ ሦስት ተኩል፣ አራት ተኩል፣ አምስት። ከዚያ አምስት። እንደገና አምስት። ነጥቦቹን ሲያገናኛቸው መስመሩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ በቀስ ይዝላል፣ መጨረሻ ላይ ተኝቷል። «ይኸውላችሁ፣ ስሎፑ ዜሮ ገባ!» እያለ ለተማሪዎቹ ሲያሳይ ኩራቱ ለብቻው ነው።

ሦስተኛዋን አምስት ባስቀመጠበት ሰኞ ዳይሬክተሯ ቢሮዋ አስጠራችው።

«መምህር፣ እናቶቹ አላስገባ አላስወጣ ብለውኛል። ልጆቹ ዕቃ ቤት ውስጥ በሳል አለቁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ስንጥቁ ቆሟል አልቆመም?»

«ሦስት ሰኞ ለካሁት፣ ንቅንቅ አላለም። የመጨረሻው ስፋት ላይ ደርሷል።»

«እንግዲያው ይጻፉልኝና ክፍሉን ልክፈት።»

ጻፈ፣ ፈረመ። ስንጥቁ ቆሟል ባላቸው ሳምንታት ጠብታ ዝናብ አልጣለም ነበር። እሱ ደግሞ ሚሊሜትሩን እንጂ ሰማዩን አልመዘገበም።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሐሙስ ጠዋት አባራና ትንንሾቹ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መምህሩ የኤክስ ኩብን ግራፍ ሲሥል ከግድግዳው ወዲያ ሕፃናቱ ከአንድ እስከ መቶ በኅብረት መቁጠር ጀምረው ነበር።

«አያችሁ፣ እዚህ ዜሮ ላይ ስሎፑ ዜሮ ነው። ግን ማክሲመም አይደለም። ትንሽ ያርፍና ሽቅቡን ይቀጥላል!»

ከሁለተኛው ረድፍ ዝምተኛዋ ልጅ እጇን አወጣች። በዓመት አንዴ ብትናገር ነው።

«ቲቸር፣ የስንጥቁ ግራፍስ?»

«እሱማ ማክሲመም ነዋ።»

«በግራ ሲወጣ አይተናል። በቀኙስ?»

ክፍሉ ሳቀ፣ ከኋላ ዴስክ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። መምህሩም ሊስቅ ወደ ወረቀቱ ዞረ። ከመጨረሻዋ ነጥብ በስተቀኝ ወረቀቱ ባዶ ነው። ቀኙ ገና ያልመጣው ሰኞ ነው፤ እሱ ግን ያላየውን አይቻለሁ ብሎ ፈርሟል።

ካሊፐሩን ከመሳቢያው አውጥቶ ወንበሩ ላይ ወጣ። ከሰኞ ውጭ ለክቶ አያውቅም። ሰባት ተኩል። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደገመው። ስምንት ሊሞላ ምንም አልቀረው። የልስን ቅራፊ ጫማው ላይ ጠብ አለ። ከወዲያ «አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት» ይላሉ።

«ደብተራችሁን ተዉትና ውጡ» አለ።

የተነሳ የለም። ትምህርት አቋርጦ ሲያስወጣቸው አይተውት ስለማያውቁ ግራ ገብቷቸዋል።

«ውጡ አልኳችሁ!»

ሁለቱ ክፍሎች ጀርባ ለጀርባ ናቸውና የትንንሾቹ በር በሕንፃው ወዲያኛው ጎን ነው፤ በመጸዳጃ ቤቱ ዞሮ መሮጥ አለበት። ሮጠ። የሚያስበው ደብዳቤውን ብቻ ነበር፤ ልጆቹን እዚያ ያስገባቸው የኔ ፊርማ ነው፣ የኔ ፊርማ። ጥጉን ሲታጠፍ «ስልሳ ሦስት» ሲሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ ቆጠራው ቆመ። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

ሕፃናቱ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ላይ ያያሉ። የፊተኞቹ ፀጉር ላይ ነጭ ብናኝ ይወርዳል። አስተማሪያቸው ጠመኔ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። አንዱን በብብቱ፣ አንዷን በክንዷ ያዘና «ተከተሉኝ፣ ሩጡ!» አለ። አስተማሪዋም ያን ጊዜ ነቃችና የቀሩትን ከኋላ እየገፋች አስወጣቻቸው። ግቢው ውስጥ ቆጠሯቸው፤ ሠላሳ አራት፣ አንድም አልጎደለም። አላመነም፣ ደግሞ ቆጠረ። ሠላሳ አራት።

ዳይሬክተሯ ደብዳቤውን እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

«መምህር፣ ቆሟል ብለው ፈርመውልኝ የለ እንዴ? አሁንስ? ለወላጅ ምን ልበል? ቆሟል አልቆመም?»

ግቢው በሙሉ ዓይኑን እሱ ላይ ተከለ። ግድግዳው እንደቆመ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም። የእሱ ተማሪዎችም ከነቀልደኞቹ ወጥተው ቆመዋል።

«አላውቅም» አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፉ የሰማ ተማሪ የለም።

በመጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳው ከነግራፉ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ግድግዳው ተከተለ፤ ወደ ትንንሾቹ ወንበሮች በኩል።