አገርነሽና የቆሮሶ ዕድሜ

አገርነሽን ያወቅኋት በዓሣ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ከተዛወርሁ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ከቢሮ ስወጣ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድ እልና ከእሷ እገዛለሁ። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ከጣና ሐይቅ ማዶ ባለችው ደልጊ ሲሆን፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ ባሕር ዳር መጥታ ቢላ ከያዘች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። እጇ ፈጣን ነው። ስልኬን አውጥቼ ማን እንደደወለ እስካይ ድረስ ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ይጠብቀኛል። አፏም ከእጇ አይተናነስም።

ለሾርባ ራሱን የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ራሱን ለሁለት ትከፍለዋለች። ያን ጊዜ ከዓይኑ ኋላ፣ ከአንጎሉ ሥር፣ የምስር ክክ የምታህል ነጭ ድንጋይ ትወጣለች። አገርነሽ ሥራ ካልበዛባት ድንጋይዋን ሽርጧ ላይ ጠርጋ አንድ ትልቅ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ትጥላታለች። ብልቃጡ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

"ምን ያደርግልሻል?" አልኋት አንድ ቀን።

"ምንም። ታምራለች፤ ይኸው ነው።"

በሰፈራችን አንድ ትንሽ የሳይንስ ማዕከል አለ። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ ወጣቶች ጠርገው፣ ቀለም ቀብተው፣ ከየቦታው በተለመነ ዕቃ ሞሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ገብተው ሁሉንም ነገር እየነካኩ ይማራሉ። ልጄ ቃልኪዳን ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ቦታ ልውሰድሽ ብላት ታኮርፋለች። የቅዳሜውን ትምህርት የምትመራው ወንጌላዊት የምትባል በባዮሎጂ የተመረቀች ልጅ ናት። አንድ ዓርብ ይህች ወንጌላዊት አገርነሽ ዘንድ መጣች።

"ሦስት ቆሮሶ እፈልጋለሁ፤ ግን እንዳይከፈቱ። ከነራሳቸው፣ ከነአንጀታቸው።"

"አንጀቱን ምን ትሠሪበታለሽ?"

"ለልጆች ላሳያቸው ነው፣ እትዬ።"

አገርነሽ በዚያ ሁሉ ዓመት አንጀት ፈልጎ የመጣ ሰው ገጥሟት አያውቅም። ነገሩን በዓይኗ ካላየች እንቅልፍ እንደማይወስዳት ስለገባት፣ "ነገ ጠዋት ራሴ ይዤው እመጣለሁ" አለች።

በማግስቱ እኔም ቃልኪዳንን ይዤ እዚያው ነበርሁ። ወንጌላዊት ዓሣውን ትሪ ላይ አጋድማ በምላጭ ሆዱን ስትከፍት እጇ ትንሽ ጠለቀና ሐሞቱን ወጋችው። አረንጓዴው ፈሳሽ ሁሉንም ነገር አለበሰው። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ። በሩ አጠገብ ቆማ የነበረችው አገርነሽ ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻለችም።

"ልጄ፣ ሐሞቱን ወጋሽው እኮ። እስቲ ዞር በይልኝ።"

ቢላዋን ከሽርጧ ኪስ አወጣችና ሁለተኛውን ዓሣ ከፈተች። ልቡን፣ ጉበቱን፣ ስንጥቡን አንድ በአንድ ሳታደማ አውጥታ ደረደረች። የአየር ከረጢቱን እንደ ፊኛ ይዛ ለቃልኪዳን ሰጠቻት። የሸሹት ልጆች ተመልሰው መጡ፤ ትንንሾቹ ወንበር ላይ ወጡ። በመጨረሻ ራሱን ከፈለችና በቢላዋ ጫፍ ነጯን ድንጋይ ብድግ አደረገቻት።

"ይቺን ደግሞ እኔ እወዳታለሁ" አለች።

"ምን እንደሆነች ያውቃሉ፣ እትዬ?" አለች ወንጌላዊት።

"ድንጋይ ናታ።"

"የጆሮው ድንጋይ ናት። ዓሣው የሚሰማውም፣ ሚዛኑን የሚጠብቀውም በእሷ ነው።"

"ዓሣ ይሰማል?"

"በደንብ ነው እንጂ የሚሰማው።"

አገርነሽ ቢላዋን አስቀመጠች። ዓሣ ከሚያመጡላት ሰዎች አንዱ አያ ዳኘው የሚባሉ የደቅ ደሴት ሰው ናቸው። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። መረብ ሲጥሉ ጀልባው ላይ ማንም እንዲያወራ አይፈቅዱም፤ እሷም በዚህ ስትስቅባቸው ኖራለች። ሰኞ ዕለት እንዳየቻቸው፣ "አያ ዳኘው፣ ለካ ዓሣ ይሰማል" አለቻቸው።

"እኔ መቼ አይሰማም አልሁ?" አሉና የተጠላለፈ መረባቸውን መፍታት ቀጠሉ።

ያን ቅዳሜ ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ወንጌላዊት ድንጋይዋን በብርጭቆ ወረቀት ስስ እስክትሆን ሞርዳ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገቻት። ተራ በተራ አየን። እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት በቀለበት ናት፤ አንዱ ፈካ ያለ፣ አንዱ ጠቆር ያለ።

"አንድ ጥቁር ቀለበት አንድ ዓመት ነው?" ብላ ጠየቀች ቃልኪዳን።

"በብርድ አገር ዓሣ እንደዚያ ነው። የጣናው ግን እርግጠኛ አይደለሁም።"

አገርነሽ ከዚህ መልስ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይዛ ሄደች። ማጉያ መነጽርና አንድ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ተውሳ ሳምንቱን ሙሉ የዓሣ ዕድሜ ስትናገር ሰነበተች። የእኔ የረቡዕ ዓሣ አምስት ዓመቱ ነው ተባልሁ። አያ ዳኘው ያመጡት አንድ ትልቅ ቆሮሶ ደግሞ ስምንት ቀለበት ተገኘበት። ስምንት ዓመት ከሰው አምልጦ የኖረ ዓሣ ያጠመዱት እሳቸው መሆናቸውን ጓደኞቻቸው ሁሉ በዚያው ቀን ሰሙ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሁለተኛው ግማሽ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ገና እንደገባች፣ "እርግጠኛ አይደለሁም ያልሽው ለምንድን ነው?" አለቻት ወንጌላዊትን።

ወንጌላዊት አስረዳቻት። ጥቁሩ ቀለበት የሚሠራው ዓሣው እድገቱ ሲቀንስ ነው። በብርድ አገር ይህ በዓመት አንዴ፣ ውኃው ሲበርድ ይሆናል። የእኛ ሐይቅ ግን እንደዚያ አይበርድም። ምናልባት ክረምት ላይ ውኃው ሲደፈርስ ይሆናል፤ ምናልባትም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው።

"ታዲያ በምን ይታወቃል?"

"በየወሩ ድንጋይ ሰብስቦ ጠርዙ የሚጠቁረው መቼ እንደሆነ ማየት ነው። ግን በየወሩ ይህን ሁሉ ዓሣ ከየት..." አለችና ወንጌላዊት ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ቆመች። ሁለቱም ተያዩ።

በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ ከዐሥር ዓሣ ዐሥር ድንጋይ እንዲሆን ተስማሙ። ቀኑን የመረጠችው አገርነሽ ናት።

"ሚካኤል ይሁን። ወር በገባ በዐሥራ ሁለት አይቀርም፤ አልረሳውም።"

"እሺ፣ በዐሥራ ሁለት።"

"በሚካኤል ዕለትማ ቢላ አልይዝም። ማግስቱን ነው።"

በጥቅምት ጀመረች። ዐሥሩን ድንጋይ በትንሽ ፖስታ አድርጋ፣ ላዩ ላይ ከስድስተኛ ክፍል ባላለፈ የእጅ ጽሑፏ "የጥቅምት ሚካኤል ማግስት" ብላ ጽፋ ለወንጌላዊት ታስረክባለች። ወንጌላዊትና ልጆቹ ይሞርዳሉ፣ ያያሉ፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ትልቅ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር በሰላም አለፉ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። የዓሣ ገበያ እንደዚያን ጊዜ የሚደራበት ወቅት የለም። አገርነሽ ቀና የምትልበት ጊዜ አጥታ የየካቲትንም የመጋቢትንም ፖስታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ እንደያዘች ቆየች። አንድ እሑድ ሽርጡን ሳፋ ውስጥ ነከረችው። ፖስታዎቹ ትዝ ያሏት አሽታ፣ አለቅልቃ፣ እጣቢውን ከደፋች በኋላ ነው። ኪሷ ውስጥ የቀረው የወረቀት ሊጥ ብቻ ነበር።

ስትነግረኝ አልደበቀችኝም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብልቃጡን ፊቷ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ፣ ቀን የሌለው ድንጋይ አለ። ሃያ ቆጥራ፣ ዐሥር ዐሥር አድርጋ፣ ሁለት ፖስታ ላይ ብትጽፍ ማን ያውቃል? ድንጋይ ድንጋይ ነው። ዐሥር ቆጥራም ነበር።

"ታዲያ ምን አገደሽ?" አልኋት።

"ልጆቹ ያንን ሁሉ ይሞርዱታል እኮ። ያንተም ልጅ። ጣታቸው እስኪላጥ ሞርደው ውሸት ሲያዩ..." አለችና ትከሻዋን ነቀነቀች። "ደስ አላለኝም።"

በቅዳሜው ሄዳ ለወንጌላዊት ነገረቻት። ወንጌላዊት ትቆጣኛለች ብላ ነበር። ልጅቱ ግን እስክሪብቶ አንስታ በሁለቱ ወራት አምድ ላይ "ድንጋዩ ጠፍቷል" ብላ ጻፈች።

"ይኸው ነው?" አለች አገርነሽ።

"ይኸው ነው፣ እትዬ። ባዶውን ባዶ እንላለን።"

ዓመቱ ሲያልቅ ወረቀቱ ፊት ተሰበሰብን። በነሐሴና በመስከረም የተሰበሰቡት ድንጋዮች ጠርዛቸው ጠቁሯል፤ ይህ ግልጽ ነው። በጥር ጠርዙ ፈካ ያለ ነው። በሚያዝያ ደግሞ ከጠርዙ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። በመካከል አንድ ነገር ሆኖ ያለፈ ይመስላል፤ በመካከል ያሉት ግን እነዚያ ሁለት ባዶ አምዶች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ጥያቄ መልሱ ያለው ልክ በታጠበው ቦታ ላይ ሆነ። አገርነሽ ወረቀቱን አየች፣ ወንጌላዊትን አየች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ። መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥላ ወንጌላዊት፣ በኋላ ልጆቹም ምን እንደተሳቀ ሳያውቁ ሳቁ።

"እንደገና ነዋ" አለች እንባዋን እየጠረገች።

በሁለተኛው ዓመት ፖስታና ሽርጥ አልተገናኙም። ድንጋዮቹ በቆርቆሮ ጣሳ ተከድነው በዚያው ቀን በባጃጅ ወደ ማዕከሉ ይላካሉ። በየካቲት ከዐሥሩ ስድስቱ ጠርዛቸው ጠቆረ፤ በመጋቢት ዘጠኙ። በክረምቱም እንደ አምናው ሆነ። ወንጌላዊት ደጋግማ፣ "የእኛ ጥቂት ዓሣ ነው፤ ሌላ ሰውም ሊያየው ይገባል" ብትልም፣ ከአገርነሽ ቢላ ሥር ያለፈው ቆሮሶ በዓመት ሁለት ቀለበት የሚሠራ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ማለት ደግሞ ያን የመጀመሪያውን ሳምንት ለደንበኛ ስትናገረው የሰነበተችው ዕድሜ ሁሉ በእጥፍ የተጋነነ ነበር ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እሷ ግን የሚመጣውን ሁሉ እየጠራች ታርም ጀመር።

"ያ አምስት ዓመት ያልሁህ ዓሣ ሁለት ዓመት ተኩል ነው" አለችኝ።

"በልቼዋለሁ እኮ፣ አገርነሽ።"

"ቢሆንም እወቀው።"

አያ ዳኘውን ለመንገር ግን ሦስት ቀን ፈጀባት። በአራተኛው ቀን ጀልባቸውን ሲያስሩ ጠብቃ ነገረቻቸው። እሳቸው ገመዱን እንደያዙ ቀና አሉ።

"አራት ዓመት?"

"አራት ዓመት ነው፣ አያ ዳኘው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ታዲያ ገና ጎረምሳ ነበራ" አሉ። ለጓደኞቻቸው ግን እስካሁን አልነገሩም፤ እሷም አላስገደደቻቸውም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አገርነሽ ማዕከሉ ውስጥ የራሷ ጠረጴዛ አላት። ሕፃናቱ ሐሞት ሳይወጉ ዓሣ መክፈት የሚማሩት ከእሷ ነው፤ ወንጌላዊትም ከእሷ ነው የተማረችው። ባለፈው ጥር እህቷ ወለተ ኪዳን ዘንድ ለጥምቀት ደልጊ ስትሄድ ማጉያውንና የብርጭቆ ወረቀቱን ቅያሪ ልብሷ መካከል ጠቅልላ ወሰደች። በበዓሉ ሦስተኛ ቀን፣ በሚካኤል ማግስት፣ የወንጌላዊት ስልክ ጮኸ።

"የዚህ አገር ዓሣ ጠርዙ ከአሁኑ ጠቁሯል" አለች አገርነሽ። "የእኛ በጥር እንደዚህ አይደለም።"

"ስንት ዓሣ አዩ፣ እትዬ?"

"አራት። እህቴ ተቆጥታ ነው እንጂ ሌላም እከፍት ነበር። እንግዳ ሆነሽ መጥተሽ ዓሣ ትሞርጃለሽ ወይ እያለች ነው።"

"አራት ትንሽ ነው።"

"አውቃለሁ። ሌላ ስድስት ገዝቼ ስጨርስ እደውላለሁ" አለችና ስልኩን ዘጋችው።