የጠቆረው ጥጥ

ኡራኤል ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ፀጉሯን የጉሎ ዘይት ተቀብታለች። ሌላው ሰው ፀጉር ይሸተው ይሆናል፤ እኔን የሚሸተኝ የድሮ የሬዲዮ ሸክላ ነው። እነዚያ ቆርቆሮ ላይ በተቀባ ጥቁር ቀለም ድምፅ የተቀረጸባቸው ሸክላዎች ሲያረጁ፣ ቀለሙ ውስጥ ያለው የጉሎ ዘይት ነጭ ሆኖ ይወጣባቸዋል።

ካዛንቺስ እቤታችን፣ ሬዲዮ ጣቢያ ትሠራ የነበረችው አክስቴ ያንን ነጭ ነገር በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያለች ታጥበው ነበር። አንድ ቀን ላግዛት ብዬ፣ ሳልጠይቃት አንዱን ሸክላ አልኮል በነከርኩት ጥጥ ወለወልኩት። ነጩ ወዲያው ለቀቀ። ጥጡም ጥቁር በጥቁር ሆነ።

«እቴቴ፣ እይው! ይሄ ሁሉ እድፍ ነበረበት» አልኳት በኩራት።

ጥጡን ከእጄ ወስዳ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። አልተቆጣችም።

«እድፍ አይደለም የኔ ልጅ፤ ድምፅ ነው» አለችኝ።

ይኸው ዛሬም ሸክላ ላጥብ እየሄድኩ ነው። በዚህ ሥራ የሚስተካከለኝ የለም፤ አልኮልም ደጄ አይደርስም። ያን ቀን ያጠፋሁት የማን ድምፅ እንደነበር ግን አክስቴ አልነገረችኝም። ጥጡንም አልጣለችውም፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።