የአያት ስም

ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ በገባ በዘጠነኛው ዓመት ሚስቱን ወደ እኛ ላካት። ሱቁን ሸጦ እንደሚከተላት፣ እስከዚያ ግን እኛ ጋ እንድትቆይ በስልክ ነገረን። በሚኖሩበት ሰፈር የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። በሁለተኛው ጊዜ የእሱም አልቀረለትም። እሷ የዚያው አገር ሰው ስለሆነች ማንም ባልነካት ነበር፤ ግን የማን ሚስት እንደሆነች ሰፈሩ ያውቃል።

እኔ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። አባታችን ካረፈ ወዲህ የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። አዲስ አበባ ኤርፖርት ድረስ ሄጄ የተቀበልኳትም እኔ ነኝ። ወሩ ሐምሌ ነው። በእሷም አገር ያን ጊዜ ብርድ ስለሆነ፣ ወደ ሰሜን ስትመጣ ሙቀት የምታገኝ መስሏት ወፍራም ልብሷን ለአክስቷ ልጅ ሰጥታ ነው የመጣችው። ሆሳዕና ስንደርስ ዝናቡ አላባራም ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ቤት ባጃጅ ውስጥ ተጣብቀን ስንሄድ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።

እናቴ አተካና ሠርታ ጠበቀቻት። ቆጮው በቅቤና በአይብ ርሶ፣ ለክብር እንግዳ እንደሚቀርበው ሆኖ ቀረበ። ሦስት ጊዜ ጎረሰችና ማንኪያውን አስቀመጠች። እናቴ ሳህኑን አየች። ምን ልትልስ ትችላለች? የእሷ ቋንቋ ሀዲይኛና የገበያ አማርኛ ነው፤ የምራቷ ደግሞ የአገሯ ቋንቋና እንግሊዝኛ። መሃል ላይ እኔ አለሁ፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ስለ ሦስት ማዕዘን እንጂ ስለ ሰው ለማውራት ያልለመደ ነው። እኔን «ሲሲ» ትለኛለች፤ በእነሱ አገር እህት ማለት ነው። እናቴን «ማማ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት በሁለቱ መካከል ከዚህች ቃል ሌላ የረባ ነገር አልተባለም።

ወንድሜ ገንዘብ የሚልከው በእኔ የባንክ ሒሳብ ነበር። ይህ ክፉ ነገር ነው ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። አውጥቼ አስቤዛ እገዛለሁ፤ እሷ የሚያስፈልጋትን ስትነግረኝ እሰጣታለሁ። ጠይቃኝ የነፈግኩበት ጊዜ የለም። መስከረም ላይ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ልወጣ ጫማዬን ሳስር በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ለሞዴስ የሚሆን ገንዘብ ፈልጋ ነው። ቦርሳዬን ከፍቼ ሰጠኋት። ተቀብላ አልሄደችም።

«ሲሲ፣» አለችኝ፣ «ስድስት ዓመት ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። ይሄን ነገር ከሰው እጅ መጠየቅ አልፈልግም። የራሴ ሒሳብ ይኑረኝ።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ስቆም ፊቴ ይግል ነበር። እኔ ብሆን ኖሮ ከባሌ እህት እንዲህ ያለ ነገር ለመጠየቅ ስንት ቀን እፈጅ ነበር?

በዚያው ሳምንት ዋናው መንገድ ላይ ካለ አንድ ባንክ ወሰድኳት። አስተናጋጇ ወጣትና ትሑት ነበረች፤ ፓስፖርቱን ገልጣ ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። የገባችው በጎብኚ ቪዛ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ካላመጣች ሒሳብ እንደማይከፈትላት፣ ከዚያም ሌላ የምትኖርበት ቀበሌ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ነገረችን። ከባንኩ ስንወጣ ተስፋ የምትቆርጥ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እንዲያ ከሆነ ፈቃዱ የት እንደሚወጣ ነው የጠየቀችኝ።

የሚወጣው አዲስ አበባ ነው። ርዕሰ መምህሩን እያስፈቀድኩ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። መጀመሪያ የጋብቻ ወረቀታቸው በአገሯ ኤምባሲና በእኛ መሥሪያ ቤት መረጋገጥ ነበረበት፤ ቀጥሎ ማመልከቻው፣ በመጨረሻ ካርዱን መቀበል። በመጀመሪያው ጉዞ ከወራቤ እስከ ቡታጅራ ስታስመልስ ሄደች። በሦስተኛው ጉዞ ረዳቱ ትርፍ ሰው ሊጭንብን ሲል በአማርኛ «ሞልቷል!» ብላ በሩን የዘጋችው እሷ ነበረች። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ከሳቁት ጋር ሳቀች። ስትስቅ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ካርዱ የደረሰን ከገና በኋላ ነው። የቀረው የቀበሌ ደብዳቤ ነበር። ለዚያ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ቀርባ መመስከር አለባት፤ ባለቤቷም እናቴ ናት።

እናቴ አልሄድም አለች። ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ነበር ያገኘኋት፤ ሥራዋን ሳታቋርጥ ነው የመለሰችልኝ። ሴት ልጅ የራሷን የባንክ ደብተር ከያዘች በሯ ክፍት ነው፣ አለችኝ በሀዲይኛ። ልጄ ሲመጣ ሚስቴ የት አለች ቢለኝ በገዛ እጄ ሸኘኋት ልበለው? ባሏ ይላክላት፣ አንቺ ስጫት፣ ምን ጎደላት?

ያን ጊዜ ስለ ሞዴሱ ነገርኳት። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር እናትና ልጅም ቢሆኑ አያወሩም። እናቴ መፋቂያውን አስቀመጠች። ወደ እንሰቶቹ እያየች፣ «ከመጣች ጀምሮ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ከመጣች ጀምሮ፣ አልኳት። መፋቂያዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። በማግስቱ ጠዋት ግን የቸርች ነጠላዋን ለብሳ በረንዳው ላይ ቆማ አገኘኋት። ቀበሌው ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው፣ አለችኝ።

የቀበሌው ጸሐፊ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ሰው ነበር። «እማማ፣ ይቺ ሴት የልጅዎ ሚስት ናት?» አላት። አዎ ብትለው በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። እናቴ ግን በነገር ሁሉ እንዲህ ናት፤ ሰው ፊት የምትናገረውን እግዚአብሔር ፊት እንደምትናገረው ትመዝነዋለች።

«ሲጋቡ አላየሁም፣» አለችው በአማርኛዋ። «ከሐምሌ ጀምሮ ቤቴ ነው የምታድረው። ከእኔ ጋር ትበላለች። ያየሁትን ጻፍ።»

ጸሐፊው እኔን አየኝ፤ እኔም የጋብቻ ወረቀቱን አሳየሁት። ወረቀቱን ቢያይም እናቴ ያለችውን አልቀየረም። የተጠቀሰችው ግለሰብ በቤት ቁጥራችን ነዋሪ መሆኗ በቤቱ ባለቤት ተመስክሯል ብሎ ጻፈና ማኅተም አደረገበት። ከቢሮው ስንወጣ የወንድሜ ሚስት እናቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ትከፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «ልክ ናት፣» አለችኝ። «አልነበረችም።»

ወረቀቱ ሁሉ ሲሟላ ተመልሰን ባንክ ሄድን። ያቺው አስተናጋጅ ነበረች፤ አስታወሰችን፤ ቁጭ በሉ አለችን። ቅጹ ላይ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሁለት ስም ብቻ ነው። አስተናጋጇ ሁለቱን ከጻፈች በኋላ የአያት ስም የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቆመች። ኮምፒዩተሩ ሦስተኛውን ባዶ ከተውት አልቀበልም ይላል።

የአስተናጋጇ እንግሊዝኛ ከእኔ ስለሚሻል በቀጥታ ጠየቀቻት። የወንድሜ ሚስት ስለ አያቷ ስትጠየቅ ያን ቀን ነው እኔም ታሪኳን የሰማሁት። አባቷን አታውቀውም። ሁለተኛው ስሟ የእናቷ ቤተሰብ ስም ነው። እናቷም እሷ ልጅ ሳለች ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ እዚያው ቀርታለች። የወንድ አያት ስም የሚባል ነገር ማንም ነግሯት አያውቅም።

እኔ ነገሩን ያቀለልኩ መስሎኝ፣ የአባቴን ስም እንጻፈው አልኳቸው። ለእኛ ምራት ማለት ልጅ ናት፤ እሱም በሕይወት ቢኖር ደስ ይለው ነበር። ከልቤ ነበር ያልኩት። እሷ እጄን ያዝ አደረገችኝ። «አመሰግናለሁ ሲሲ፤ ግን እሱ አላሳደገኝም፣» አለችኝ። ከዚያም ወደ አስተናጋጇ ዞራ፣ ያሳደገቻት ሴት አያቷ እንደሆነች ነገረቻትና ስሟን ፊደል በፊደል ጠራችላት።

አስተናጋጇ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችው፤ ወደ ቅጹ ግን አላዛወረችውም። የሴት ስም በአያት ቦታ ጽፋ እንደማታውቅ፣ ነገ ኦዲት ሲመጣ እሷ እንደምትጠየቅ ነገረችኝ፤ እውነቷን ነው። ተነሥታ ሥራ አስኪያጁን ጠራችው። ፀጉሩ የሸበተ፣ ወላጆቹ ከሰሜን በሥራ ተዛውረው መጥተው እሱ እዚሁ ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ሀዲይኛውን ከእኔ አሳምሮ ነው የሚናገረው። መነጽሩን አድርጎ ፓስፖርቱን፣ ካርዱን፣ የቀበሌውን ደብዳቤ በየተራ አየ። በመጨረሻ ቅጹን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«ምን ይላል?» አላት አስተናጋጇን።

«የአያት ስም።»

«ወንድ አያት ይላል?»

«አይልም።»

«እንግዲያ የአያቷን ስም ጻፊ።»

ፈረመበትና ወደ ቢሮው ተመለሰ። እኔ ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው ኖሬ፣ ወንድም ሴትም እንደሚሆን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ለወንድሜ ሚስት ስተረጉምላት ግር አላት፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ የተለያየ ቃል ነውና። ሁለተኛ ጊዜ ስነግራት ገባት። ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና ፊርማዋን ሦስት ቦታ ቀስ ብላ ፈረመች። ለመክፈቻ የሚሆነውን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከአገሯ ይዛው የመጣችውንና ሳትነካ ያቆየችውን ጥቂት ገንዘብ ያን ቀን አስመንዝራ ነው። ደብተሩ ታትሞ ሲሰጣት ገልጣ ስሟን አነበበች፤ ሦስቱንም። አላለቀሰችም። ከባንኩ ስንወጣ ሳሙናና ሞዴስ ገዛች፤ የእኔን ቦርሳ አላየችም።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ የሚልከው በእሷ ሒሳብ ሆነ። የካቲት ላይ ዱቄትና ዘይት ገዝታ በቡታጋዝ ሊጥ መጥበስ ጀመረች። በአገሯ ማጉዊንያ ይሉታል፤ የእኛው ቦምቦሊኖ ነው፤ ብቻ ስኳሩ ያነሰና የሚያጠግብ። እኔ ለአስተማሪዎቹ አንድ ቀን ወሰድኩላቸው፤ በሳምንቱ በራችን ላይ ጠረጴዛ ወጣ። እናቴ መጀመሪያ የዘይቱን ብዛት እያየች ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ በኋላ ግን ገበያተኛ ሲመጣ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብላ የምታስተናግደው እሷ ሆነች። የሚነጋገሩት በሀዲይኛ፣ በአማርኛና በእጅ ነው። እኔን መጥራት እየተዉ መጡ።

በግንቦት አያቷ መታመሟን ሰማች። ማንንም አላስፈቀደችም፤ ከራሷ ሒሳብ አውጥታ ትኬት ቆረጠችና ለእኔና ለእናቴ ቁርስ ላይ ነገረችን። እናቴ እሺ ብላ ስንቅ አዘጋጀችላት። ምራቷ ሻንጣዋን ይዛ ከወጣች በኋላ ግን ጠረጴዛውን አጣጥፋ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው፤ ከዚያ ወዲህ ስሟን አላነሣችም። ጎረቤት ምራትሽ የት ሄደች ሲላት፣ አገሯ፣ ትላለች። አያቷ በሦስተኛው ሳምንት አረፈች። ስልኳ እየቆየ መጣ፤ ከዚያ ለአሥራ አንድ ቀን ጠፋ። እናቴ አንድም ቀን «ብዬሽ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም በልቤ ሄዳለች ብዬ ቆርጫለሁ፤ ባሏ እዚያው ነው፤ ምን ሊመልሳት?

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ብቻዋን ነበረች። እናቴ በረንዳው ላይ ባቄላ ትለቅም ነበር፤ ቀና ብላ አየቻት።

«መጣሽ?» አለቻት።

«መጣሁ ማማ።»

ወንድሜን ትታው ለምን እንደተመለሰች ኋላ፣ ልብሷን ስናወጣ ጠየቅኳት። ሱቁ ገና አልተሸጠም፤ እሱ ሱቁ ጀርባ በር ቆልፎ ነው የሚተኛው። «እዚያ ሆኜ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ፣» አለችኝ። «እሱን እዚህ ብጠብቀው ይሻለኛል። እዚህ እንቅልፍ ይወስደኛል።» ወንድሜ እስካሁን አልመጣም። ለመስቀል እደርሳለሁ ይለናል፤ እኛም እሺ እንለዋለን።

ለእናቴ ከአገሯ የወፍራም ሱፍ ብርድ ልብስ አምጥታላት ነበር፤ ቡናማና ቀይ፣ እዚያ ሴቶች ትከሻቸው ላይ የሚደርቡት ዓይነት። እናቴ ጫፉን በጣቷ እየፈተነች ውድ መሆን አለበት አለች፤ አመሰግናለሁ አላለችም። ከዚያ ተነሥታ በትከሻዋ ላይ ደረበችውና በዚያ ፀሐይ ጎረቤት ልትጠይቅ ወጣች።