ሰክሮ አጋሰስ የነዳው አማቼ

ባለፈው ሰሞን ወጣቶች ከቤቴ ደጅ ተቀምጠው፣ ሰክሮ አውቶሞቢል የነዳ ሰው ምን ይቀጣ እያሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ ይታሰር ይላል፤ ሌላው መንዳት ይከልከል ይላል። አዲስ ነገር ያገኙ መስሏቸው ነበር። እኔ ገና ጢሜ ሳይሞላ፣ አንኮበር ላይ፣ ይህንኑ ክርክር ዳኛ ፊት ቆሜ ተከራክሬዋለሁ። ያን ጊዜ የሚነዳው አጋሰስ ነበር። ስካሩ ግን ያው ነው።

ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሜ የተማሪዎቹን ድምፅ እየሰማሁ በራሴ ለየሁት። የችሎት ንግግርም እንዲሁ ነው፤ ዳኛው ከሚቀመጡበት ጥድ ሥር እየዋልኩ ከተሟጋቾቹ አፍ ለቀምኩት። ብዙም ሳልቆይ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰዎች ነገራቸውን ያስይዙኝ ጀመር። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

አማቼ፣ የታናሽ እህቴ ባል፣ ከአንኮበር እህል ጭኖ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወርዳል፤ ጨው ጭኖ ይመለሳል። መንገዱ በገደል አፋፍ የሚሄድ ጠባብ ነው። ስለዚህ ደንብ አለው፦ የሚወርደው ነጂ ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በፊት ይጮኻል፤ የሚወጣው ሰው ድምፁን ሰምቶ ወደ ተራራው ይለጠፋል። አማቼ ጥሩ ድምፅ ነበረው። ያን ቀን ግን ከጠጅ ቤት ወጥቶ፣ የኋለኛዋን በቅሎ ጭራ ይዞ፣ እያንቀላፋ ነበር የሚወርደው። አልጮኸም። የአልዩ አምባ ሰው የሆነ አንድ አዲስ ሙሽራ ጥጥ ተሸክሞ ሲወጣ፣ የፊተኛዋ በቅሎ ጭነት ገፍቶ ከአፋፉ ጣለው። ጭኑ ተሰበረ።

በማግስቱ የሙሽራው አባት ወደ እህቴ ቤት መጣ። ጠና ያለ እስላም ገበሬ ነው። አማቼን ደጅ ላይ አገኘውና «በሕግ አምላክ!» ብሎ አቆመው፤ የኩታውን ጫፍ ከአማቼ ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠረ። በዚያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፤ ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ዳኛው ነገሩን ሰምተው፣ «ቁስሉ ይታይ» አሉ። ልጁ ከዳነ የአካል ካሳ ነው። ከሞተ ግን የደም ነገር ነው፤ አማቼ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጣል።

እህቴ ከባሏ ጋር የተቋጠረውን ሰውም መመገብ ግዴታዋ ሆነ። የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ የምስር ወጥ ሠራች።

«አባባ፣ ትንሽ ይቅመሱ እንጂ።»

«ልጄ ምን ቀምሶ ነው እኔ የምቀምስ?»

አማቼ ነገሩን ለማለዘብ ብሎ፣ «እንግዲህ እኔ ሁለተኛ ሚስት አገባሁ፤ ይቺኛዋ ደግሞ ጢም አላት» አለ።

«ዝም በል! ጠጁ ዛሬም አልወጣልህም?» አለው ሽማግሌው፤ ቋጠሮውን ሲጎትተው አማቼ ወደፊት ተደፋ።

እህቴ ወደ ውጭ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ልጁ ከሞተ እውነት ይሰጡታል?»

«ይሰጡታል።»

«ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ?»

«እኔ እያለሁማ አትፍሪ» አልኳት። እኔ ግን ፈርቼ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ማንም ያላሰበውን ያሰብኩት። አባትየው ከሰካራሙ ጋር ተቋጥሮ አንኮበር ሲቀመጥ ልጁን የሚያስታምምለት ወንድ የለም። ቢፈታው ደግሞ ወደ መንዝ ይጠፋብኛል ብሎ ይሰጋል። ዋስ ስንጠራለት «የሰካራም ዋስ ሰካራም ነው» ብሎ እምቢ አለ። እኔም ዳኛው ፊት ቆሜ፣ «ጌታዬ፣ ቋጠሮው አይፈታ፤ ሰዎቹ ግን እንደተቋጠሩ ወደ አልዩ አምባ ይውረዱ። በዳዩ ያደረሰውን ጉዳት በዓይኑ ይይ፤ ቁስለኛውንም በእጁ ያስታምም» አልኩ። ዳኛው ሳቁ፤ ከዚያ ምለው «ንጉሥ ይሙት፣ ይውረዱ!» አሉ። እንዲህ ያለ ነገር አንኮበር ላይ ከእኔ በፊት የጠየቀ ሰው የለም።

አብሬያቸው ወረድኩ። ልጁ አልጋ ላይ ተኝቶ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ወጌሻው አጥንቱን ሊስብ ሲቀመጥ አማቼንና አባትየውን በልጁ ትከሻ በኩል አቆማቸው፤ እኔን እግሩን አስያዘኝ። ሲስበው ልጁ የጮኸውን ጩኸት የሰማ ሰው ሁሉ ከደጅ ሸሸ። አማቼ አስመለሰው፤ ትከሻውን ግን አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እንደተቋጠሩ ያገላብጡታል፣ ያነሡታል፣ ያጥቡታል። የልጁ ሚስት ለአማቼ ውኃ ስትሰጠው በእጁ አታቀብለውም፤ መሬት ላይ አስቀምጣለት ትሄዳለች።

ልጁ ዳነ። እግሩ ግን አጥሮ ቀረ።

ወደ ዳኛው ተመለስን። ዳኛው አማቼ በገበያ ቀን እንዲገረፍ፣ አጋሰሶቹም ለተበዳይ እንዲሰጡ ፈረዱና ወደ አባትየው ዞረው፣ «ትምረዋለህ?» ብለው ጠየቁት።

«ጅራፉን ምሬዋለሁ። በጅራፍ የሚቃና እግር የለም። አጋሰሶቹንም አልፈልግም፤ እነሱ አልጠጡም። ይህ ሰው ግን፣ ወላሂ፣ ከእንግዲህ በዚያ መንገድ ከብት እንዳይነዳ።»

ዳኛው እንዲሁ ወሰኑ፤ ሲነዳ ከተገኘ ጅራፉ እጥፍ ሆኖ እንዲመለስበት። ቋጠሮው እዚያው ተፈታ።

የአማቼን ነፍስ ያተረፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ከመንዳት ሌላ ሥራ አያውቅም ነበር። አጋሰሶቹ ተሸጡ፤ እህቴ የሰው እህል ስትፈጭ መዋል ጀመረች። እሱ ከአፋፉ ላይ ቆሞ የሌሎችን ነጂዎች ጩኸት ሲያዳምጥ ይውላል። ሲመሽ ይጠጣል።

ከክረምት በኋላ ባልና ሚስቱ አስጠሩኝ። «ይግባኝ በልልን» አለ አማቼ። «አንተ ከተናገርክ የልጁ አባት ፍርዱን ያነሣልኛል።» አፉ ጠጅ ይሸት ነበር።

«የምናገረው አላጣሁም» አልኩት። «ያን እግር ግን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቃል አጥቼ አይደለም፤ ይህን ግን አልናገርም።»

እህቴ ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ፤ ስወጣም ከኋላዬ ዘጋችው። ከቀረበልኝ ነገር ሁሉ እምቢ ያልኩት ያንን ብቻ ነው። ብይዘው ኖሮ እረታ ነበር፤ ይህን ዛሬም አውቃለሁ።